በነዋሪው ትከሻ ላይ ያለ መለኪያ፦ የአየር ብክለት ልኬትና የሕዝብ ተሳትፎ በከተማ ፕላን

አንድ ሕፃን ሚዛን ላይ በመውጣቱ ብቻ ክብደት አይጨምርም። ይህን በእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ የሠራ ማንኛውም የጤና ባለሙያ ያውቀዋል። በእድገት መከታተያ ካርዱ ላይ የሚሰፍረው ነጥብ ዋጋ የሚኖረው፣ ነጥቡን አንብቦ እናቲቱን የሚያማክር፣ የተመጣጠነ ምግብ እንዲያገኝ የሚያደርግ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ወደ ሆስፒታል የሚልክ ሰው ሲኖር ነው። ምላሽ የማይከተለው ልኬት ከመዝገብ ሥራ አያልፍም።

ይህ የክሊኒክ እውነት በአሁኑ ወቅት በከተማ ፕላን መስክም መነሳት ያለበት ይመስላል። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በቀበቶ ላይ የሚንጠለጠሉ፣ በቦርሳ የሚያዙ ወይም በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰሩ አነስተኛ መለኪያዎች ተበራክተዋል። አንዳንዶቹ በአየር ውስጥ ያለውን ብናኝ፣ አንዳንዶቹ ጩኸትን ወይም ሙቀትን፣ ጥቂቶቹ ደግሞ የባለቤታቸውን ላብና የልብ ምት ይመዘግባሉ። ከመሣሪያዎቹ ጋር አብሮ የሚነገር አንድ ተስፋ አለ፤ ይኸውም ነዋሪው የአካባቢውን ሁኔታ ራሱ ለክቶ በከተማው ፕላን ላይ ድምፅ ያገኛል የሚል ነው። ተስፋው መልካም ነው፤ ሆኖም እንደማንኛውም አዲስ መድኃኒት ሊመረመር ይገባዋል። ይህ ጽሑፍ ተስፋውን በኒው ዮርክና በለንደን በተካሄዱ ሥራዎች መነሻነት ይገመግማል። የግምገማው ማጠቃለያ አስቀድሞ ሲገለጽ፣ መለኪያን መሸከም በራሱ ተሳትፎ አይደለም። ተሳትፎ የሚሆነው ጥያቄው የነዋሪው ሲሆን፣ የሚለካው ነገር ከጥያቄው ጋር ሲገጥምና ለውጤቱ መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት አካል ሲኖር ነው።

የሀርለም ጥናት

በኒው ዮርክ ከተማ፣ በማንሃተን ሰሜናዊ ክፍል የሚገኘው ሀርለም በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያንና ከላቲን አሜሪካ የመጡ ቤተሰቦች የኖሩበት ሠፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በአካባቢው የኖርዝ ሪቨር የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሥራ ሲጀምር፣ ከጣቢያው በሚወጣው ሽታ የተማረሩ ነዋሪዎች ተሰባሰቡ። በ1988 ዊ አክት የተባለውን የአካባቢ ፍትሕ ድርጅት አቋቋሙ፤ ከመሥራቾቹም አንዷ ፔጊ ሼፐርድ ናቸው። ከማንሃተን የአውቶቡስ ዴፖዎች አብዛኞቹ በዚሁ ሰሜናዊ ክፍል ተከማችተው ስለነበር፣ ድርጅቱ ፊቱን ወደ ናፍጣ ጭስ አዞረ።

የነዋሪዎቹ ጥያቄ ሁለት ገጽ ነበረው። አንደኛው የጤና ጥያቄ ነው። በሠፈሩ አስም በርትቶ ነበር፤ በ2003 ይፋ የሆነ ጥናት በማዕከላዊ ሀርለም ከአራት ሕፃናት አንዱ አስም እንዳለበት አመልክቷል። ሁለተኛው የቦታ ጥያቄ ነው። የከተማው ሁሉ ነዋሪ የሚሳፈርባቸው አውቶቡሶች ማደሪያቸው ለምን በአንድ ወገን ብቻ ሆነ?

በጁላይ 1996 ድርጅቱ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በመሆን አንድ አነስተኛ ጥናት አካሄደ። በፓትሪክ ኪኒ መሪነት የተሠራው ይህ ጥናት በ2000 በኢንቫይሮመንታል ሄልዝ ፐርስፔክቲቭስ መጽሔት ላይ ታትሟል። አሠራሩ ቀላል ነበር። ለአምስት የሥራ ቀናት፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ ተንቀሳቃሽ መለኪያ የተሸከሙ ሰዎች በአራት መስቀለኛ መንገዶች የእግረኛ ጠርዝ ላይ ቆመው የአየር ናሙና ሰበሰቡ። ከዚሁ ጎን ለጎን የሚያልፉት የናፍጣ ተሽከርካሪዎች፣ የቤት መኪኖችና እግረኞች ተቆጠሩ። በሥራው የሠፈሩ ወጣቶች ሠልጥነው ተካፍለዋል።

በስምንት ሰዓት ውስጥ የተቆጠሩት የናፍጣ ተሽከርካሪዎች ብዛት በአንደኛው ቦታ 61 ሲሆን፣ በሌላኛው 2,467 ደርሷል። በአራቱ ቦታዎች የፒ ኤም 2.5፣ ማለትም መጠናቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ብናኞች፣ አማካይ ክምችት ከ37 እስከ 47 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነበር። የናፍጣ ጭስ ዋነኛ ምልክት የሆነው የካርቦን ጥቀርሻ ግን ከ1.5 እስከ 6 ማይክሮግራም፣ ማለትም በአራት እጥፍ ተለያየ። ልዩነቱም በአጠገቡ ከሚያልፉት አውቶቡሶችና የጭነት መኪኖች ብዛት፣ በአንደኛው ቦታም ከአውቶቡስ ዴፖ መኖር ጋር ተያያዥነት አሳይቷል።

የሚለካውን መምረጥ

የዚህ ጥናት ትልቁ ቁም ነገር በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ነው። ተመራማሪዎቹና ነዋሪዎቹ የብናኙን ጠቅላላ ክብደት ብቻ ለክተው ቢሆን ኖሮ፣ የሚያገኙት መልስ በአራቱም ቦታዎች ያለው አየር ተቀራራቢ ነው የሚል በሆነ ነበር። ይህ መልስ ሐሰት አይደለም። የፒ ኤም 2.5 ከፍተኛ ድርሻ ከሩቅ በነፋስ የሚመጣና በክልሉ ሁሉ የሚዳረስ በመሆኑ፣ በአንድ መንገድና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት በውስጡ ይሸፈናል። ነገር ግን እውነተኛ ቁጥር ለተሳሳተ ጥያቄ ሲቀርብ መልሱ ጠያቂውን ባዶ እጁን ይመልሳል። የዴፖውን ጎረቤት ያስጨነቀው የክልሉ አየር ሳይሆን በደጁ የሚያልፈው ጭስ ነበር። ያንን ሊያሳይ የቻለውም የጥቀርሻው ልኬት ነው።

ይህ ጉዳይ ታሪክ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በአሁኑ ጊዜ ለሕዝብ የሚሸጡት አብዛኞቹ በእጅ የሚያዙ የብናኝ መለኪያዎች የሚሠሩት በብርሃን ብተና ነው። አየሩ በትንሽ ክፍል ውስጥ ሲያልፍ ጨረር ይበራበታል፤ ብናኞቹ የሚበትኑት ብርሃን ተለክቶ ወደ ክብደት ይሰላል። መሠረቱን በብሩክሊን ያደረገው ሀቢታትማፕ የተባለ ድርጅት ከ2014 ጀምሮ ያሰራጨው ኤርቢም የተሰኘው መሣሪያ ከዚህ ወገን ነው። የድርጅቱ ሥራ ልኬቱን በካርታ ላይ ለሁሉም ክፍት በማድረጉ ምስጋና ይገባዋል። የአሠራሩ ወሰን ግን ሊታወቅ ይገባል። ከሞተር በቀጥታ የሚወጡት የናፍጣ ብናኞች በቁጥር ሲታዩ አብዛኞቹ ከ0.1 ማይክሮሜትር ያነሱ ናቸው፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ ደግሞ ከ0.3 ማይክሮሜትር በታች ያለውን እጅግም አያይም። በሌላ በኩል የአየሩ እርጥበት ከፍ ሲል ብናኞቹ ውሃ ስለሚስቡ ያብጣሉ፤ መሣሪያውም ከእውነተኛው በላይ ያነባል። ስለዚህ በዴፖ አጠገብ የሚኖር ሰው ይህን ብቻ ይዞ ቢወጣ፣ የሚያሳስበውን ጭስ አሳንሶ፣ የጠዋቱን ጭጋግ ግን አግዝፎ ሊያይ ይችላል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የናፍጣ ሞተር ጭስን በ2012 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ተርታ የመደበው መሆኑ ሲታሰብ፣ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

በዚህ ላይ የሕግ ክፍተት ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ለፒ ኤም 2.5 ዓመታዊ ወሰኑን ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም ዝቅ ሲያደርግ፣ ለጥቀርሻና እጅግ ደቃቅ ለሆኑት ብናኞች በቁጥር የተቀመጠ ወሰን አልሰጠም፤ የመልካም አሠራር ምክር ብቻ አስፍሯል። የጥቀርሻ ቁጥር ይዞ ወደ ባለሥልጣን የሚቀርብ ነዋሪ እንግዲህ ተጣሰ የሚለው ወሰን የለውም። በእጁ ያለው ማስረጃ ንጽጽር ብቻ ነው፤ የእኔ ደጅ ከሌላው ደጅ በዚህን ያህል ይበልጣል ማለት ብቻ ይችላል። ንጽጽር ደግሞ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት መሣሪያ፣ ቦታን መርጦ መቆምን ይጠይቃል። የሀርለም ወጣቶች ያደረጉት ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ሰዓትና መንገድ የሚሰበስበው ቁጥር ምንም ያህል ቢበዛ ይህን ሊተካ አይችልም።

የለውጡ ወሰን

የሀርለሙ ጥናት ከትችት ነፃ አይደለም። አምስት ቀን አጭር ነው፤ ሐምሌ የክረምቱን ማሞቂያ ጭስ አያሳይም፤ ሌሊቱ አልተለካም። የአንድም ሕፃን ሳንባ ስላልተመረመረ፣ ጥቀርሻው የሠፈሩን አስም አምጥቷል ብሎ ለመደምደም አያስችልም። ተመራማሪዎቹም ሥራቸውን የሙከራ ጥናት ብለው ነው ያቀረቡት።

ቢሆንም ቁጥሩ ተጠሪ አካል ነበረው። አውቶቡሶቹ የአንድ የሕዝብ ትራንስፖርት ባለሥልጣን ንብረት በመሆናቸው፣ ዊ አክት ውጤቱን ይዞ የሚሄድበትን በር ያውቅ ነበር። በ2000 ዴፖዎቹ በአንድ ወገን መከማቸታቸው አድልዎ ነው በማለት ለአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አቤቱታ አቀረበ። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሀርለም የአየር ልኬት ጀመረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታትም የከተማው አውቶቡሶች ድኙ እጅግ ወደ ተቀነሰ ናፍጣ ተሸጋገሩ። ለውጡን ሁሉ ለአንድ ጥናት መስጠት ማጋነን ይሆናል፤ የሰልፍ፣ የክስና የማስታወቂያ ዘመቻ ድርሻ ነበረበት። ጥናቱ ግን ለዘመቻው ሊካድ የማይችል መነሻ ሰጥቶታል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነጥብ አለ። በሀርለም የሚገኘው የማዘር ክላራ ሄል ዴፖ ፈርሶ እንደገና ሲሠራ ነዋሪዎቹ በምክክሩ ተሳትፈዋል፤ በ2014 የተከፈተው አዲሱ ሕንፃም በጣሪያው ላይ አትክልት፣ በግድግዳው ላይ የፀሐይ ሙቀት መሰብሰቢያ አለው። መልካም ሕንፃ ነው። ይሁንና የቆመው እዚያው በነበረበት ቦታ ነው። ነዋሪዎቹ ካነሷቸው ሁለት ጥያቄዎች የጤናው በነዳጅና በሕንፃ ለውጥ በከፊል ሲመለስ፣ የቦታው ጥያቄ አልተመለሰም። መለኪያ ምን ያህል የሚለውን ይመልሳል፤ ለምን እኛ ዘንድ የሚለውን ግን አይመልስም። ሁለተኛው ጥያቄ የፕላን ኮሚሽን፣ የምክር ቤትና የፍርድ ቤት ነው። ልኬት የተሳካለት እንኳ ሲሆን ወሰኑ ይህ ነው።

ተሸካሚና ተሳታፊ

በዚያው በሰሜን ማንሃተንና በደቡብ ብሮንክስ ሌላ ትልቅ ሥራ ተካሂዷል። በ1998 የተቋቋመው የኮሎምቢያ የሕፃናት የአካባቢ ጤና ማዕከል፣ በፍሬደሪካ ፔሬራ መሪነት፣ ጥቁር አሜሪካውያንና ዶሚኒካውያን ነፍሰ ጡሮች በእርግዝናቸው የመጨረሻ ሦስት ወራት ውስጥ ለ48 ሰዓት የአየር መለኪያ ያለበት የጀርባ ቦርሳ እንዲይዙ አደረገ። የሚለካው ነዳጅና ሌሎች ነገሮች ሲቃጠሉ የሚወጡት ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦኖች ነበር። በ2003 የታተመው ውጤት በጥቁር አሜሪካውያን ጨቅላዎች ዘንድ ከፍተኛ ተጋላጭነት ከዝቅተኛ የልደት ክብደትና ከአነስተኛ የራስ ዙሪያ ጋር መያያዙን አሳየ። በ2009 ደግሞ 249 ሕፃናት በአምስት ዓመታቸው ሲመረመሩ፣ በማኅፀን ሳሉ ከፍተኛ ተጋላጭነት የነበራቸው የአእምሮ ብቃት መለኪያ ውጤታቸው ከአራት ነጥብ በላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ።

በሕክምና ሳይንስ ሚዛን ሲታይ ይህ ከሀርለሙ የአምስት ቀን ሥራ እጅግ የጠነከረ ነው። የአንድን ሰው ትክክለኛ ተጋላጭነት ለማወቅ በአካል የሚያዝ መለኪያን የሚተካ እንደሌለ በግልጽ አሳይቷል። በተሳትፎ ሚዛን ሲታይ ግን እናቶቹ የመረጃ ምንጮችና የመለኪያ ተሸካሚዎች ናቸው። ጥያቄውን የቀረጸውም፣ የሚለካውን የመረጠውም ተመራማሪው ነው። ይህ ነቀፋ አይደለም፤ ማዕከሉ ዊ አክትን አጋሩ አድርጎ ውጤቱ ወደ ሕዝብ እንዲደርስ ሠርቷል። ስሕተቱ የሚጀምረው አንዱ በሌላው ስም ሲጠራ ነው። መለኪያ የያዘ ሁሉ ተሳታፊ ከተባለ፣ ደሙ የተቀዳ ታካሚም የምርመራው አባል ነው ሊባል ነው።

የግሪኒች የስሜት ካርታ

ሦስተኛው ሥራ ከለንደን ነው። ክርስቲያን ኖልድ የተባለው ሠዓሊ በ2004 ባዮ ማፒንግ ያለውን ሥራ ጀመረ፤ በ2005 እና በ2006 ደግሞ በግሪኒች ነዋሪዎችን አሳተፈ። ተሳታፊዎቹ በጣቶቻቸው ላይ የቆዳን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት የሚለካ መሣሪያ አድርገው፣ ቦታቸውን በሳተላይት ከሚመዘግብ መሣሪያ ጋር በሠፈራቸው ተዘዋወሩ። ከተመለሱ በኋላ የየራሳቸው መስመር በካርታ ላይ ወጥቶ፣ ከፍ ባለባቸው ቦታዎች ምን እንደገጠማቸው ጻፉ። ከእነዚህ ሁሉ የግሪኒች የስሜት ካርታ ተሠራ።

ለጤና ባለሙያ የመጀመሪያው ተቃውሞ ግልጽ ነው። የቆዳ አስተላላፊነት የሚለወጠው በሲምፓቴቲክ ነርቭ በሚታዘዙ የላብ ዕጢዎች ነው። ፍርሃትን ከደስታ፣ መኪና ሊገጨው የነበረን ሰው የቆየ ወዳጁን ካገኘ ሰው አይለይም። ዳገት መውጣትና ሙቀትም ያንኑ ጫፍ ያስነሣሉ። ስለዚህ በካርታው ላይ የሚታየው ከፍታ ብቻውን አንድ መንገድ ክፉ መሆኑን አያስረዳም።

ሆኖም የሥራው ዋጋ ያለው መሣሪያው በተወው ክፍተት ውስጥ ነው። መስመሩ ራሱን ስለማያስረዳ፣ ባለቤቱ መናገር ነበረበት። ሰዎች ተሰብስበው ስለ ሠፈራቸው የጻፉት ቃል ከመስመሩ ይልቅ ብዙ ነገር ይዟል። ይህ በክሊኒክም የታወቀ ነው፤ የታካሚው ታሪክ ሳይጠየቅ የላቦራቶሪ ውጤት አይነበብም። የግሪኒች ካርታ ጥያቄውን ለነዋሪው በመተው ከእናቶቹ ጥናት ይሻላል። ከሀርለም የሚያንሰው ደግሞ በሌላኛው ጫፍ ነው፤ ካርታውን ተቀብሎ የመመለስ ግዴታ ያለበት አካል በሥራው ውስጥ አልተቀመጠም። ያማረ ካርታ ወጣ፤ የመንገዱ ዕጣ ግን እንደ ቀድሞው በሌላ ጠረጴዛ ላይ የሚወሰን ሆኖ ቀረ።

የኃላፊነት ሽግግር

ከእነዚህ ሥራዎች ሁሉ በስተጀርባ አንድ አደጋ አለ። መለኪያው በነዋሪው ትከሻ ላይ ሲንጠለጠል ኃላፊነቱም አብሮ ሊንጠለጠልበት ይችላል። ለግለሰብ የሚሸጥ መሣሪያ የሚሰጠው ምክር በባሕርይው ግለሰባዊ ነው፤ በሌላ መንገድ ሂድ፣ መስኮትህን ዝጋ፣ በዚህ ሰዓት አትሩጥ ይላል። ምክሩ የጸና አስም ላለበትና ምርጫ ላለው ሰው ይጠቅም ይሆናል። የዴፖው መካኒክ፣ በመስቀለኛው መንገድ የቆመው የትራፊክ ፖሊስ፣ በጎዳናው ዳር የሚነግደው ሰው ግን የሚሄዱበት ሌላ መንገድ የላቸውም። መሸሽ ለሚችል ብቻ የሚሠራ ምክር የሕዝብ ጤና እርምጃ አይባልም፤ ከፕላንም የሚቆጠር አይደለም።

ለማነጻጸር የኒው ዮርክ ከተማ አስተዳደር ራሱ ያደረገውን ማየት ይጠቅማል። የከተማው የጤና መሥሪያ ቤት ከዲሴምበር 2008 ጀምሮ 150 በሚሆኑ ቦታዎች በመብራት ምሰሶዎች ላይ መለኪያ አቆመ። ከባድ የማሞቂያ ነዳጅ የሚያቃጥሉ ሕንፃዎች በተከማቹበት አካባቢ አየሩ ይበልጥ የተበከለ መሆኑ ታወቀ። በ2011 ደንብ ወጥቶ እጅግ ከባዱ የነዳጅ ዓይነት እስከ 2015 ከሕንፃዎች እንዲወጣ ተደረገ። በዚህ ሥራ ማንም ነዋሪ መለኪያ አልተሸከመም፤ የለካውና ማዘዝ የሚችለው አካል ግን በአንድ አስተዳደር ሥር ነበሩ። ይህ ማለት የነዋሪው ልኬት አያስፈልግም ማለት አይደለም። የሀርለም ወጣቶች መንገድ ዳር የቆሙት ከተማው በየሠፈሩ መለካት ከመጀመሩ ከ12 ዓመት በፊት ነው። ነዋሪው ቀድሞ ይጠይቃል፤ መንግሥት ዘግይቶም ቢሆን መለካትን የዕለት ተዕለት ሥራው ያደርጋል። ትክክለኛው የሥራ ክፍፍል ይህ ይመስላል። ነዋሪው ለዘላለሙ መለኪያ ተሸክሞ እንዲኖር መጠበቅ ግን ተሳትፎን ያለ ደመወዝ ሥራ ያደርገዋል።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

የመሣሪያዎቹ ዋጋ እየቀነሰ በሄደ መጠን፣ ቁጥር ይዞ ወደ ክሊኒክ የሚመጣ ታካሚና ለሠፈሩ ጥናት ምስክርነት የሚጠይቅ ማኅበር መብዛታቸው አይቀርም። ባለሙያው ቁጥሩን በጭፍን ሊቀበለውም፣ በንቀት ሊመልሰውም አይገባም። አራት ጥያቄዎች ሊረዱት ይችላሉ። አንደኛ፣ ጥያቄው የማን ነው? ሁለተኛ፣ መሣሪያው የሚለካው ነገር ከተጠረጠረው ምንጭ የሚወጣው ነው ወይስ ሌላ? ሦስተኛ፣ መረጃውን ማን ያስቀምጣል? ቦታንና ሰዓትን የሚመዘግብ መሣሪያ የባለቤቱን ቤትና የዕለት ውሎ ስለሚገልጥ፣ እንደ ማንኛውም የሕክምና መዝገብ ምስጢርነቱ ሊጠበቅ ይገባዋል። አራተኛ፣ ውጤቱ ለማን ይቀርባል፣ መልስስ መቼ ይጠበቃል? አራተኛው ጥያቄ መልስ ከሌለው፣ ልኬቱ ከመጀመሩ በፊት ነዋሪው ይህንኑ ማወቅ አለበት።

ከዚህም ሌላ ባለሙያው በእጁ ያለ፣ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ አንድ መለኪያ አለ። ይኸውም የታካሚው ካርድ ነው። በአስም መዝገብ ላይ የመኖሪያ ሠፈርና የሥራ ዓይነት በጥንቃቄ ከተሞላ፣ በየትኛው መንገድ ዳር የሚኖሩ ሕፃናት በብዛት እንደሚመጡ ከጊዜ በኋላ ይታያል። የሀርለሙ ጥናት የጎደለው የሕመሙ ወገን ነበር፤ ያ ወገን ደግሞ ያለው በጤና ተቋም መዝገብ ቤት ነው። ነዋሪው የደጁን አየር፣ ባለሙያው የታካሚውን ሕመም ይዘው በአንድ ላይ ሲቀርቡ ባለሥልጣኑ ጥያቄውን ወደ ጎን ለመተው ይቸገራል።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ በመጨረሻ የሚያስፈልገው የቁጥር ብዛት ሳይሆን የጥያቄው ሥር ነው። ሀርለም ውስጥ አራት መስቀለኛ መንገዶችና አምስት ቀናት በቂ የሆኑት፣ የሚጠየቀው ምን እንደሆነና የሚመልሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ በመታወቁ ነው። ይህ ባልታወቀበት ሁሉ፣ መሣሪያው ምንም ያህል ቢራቀቅ፣ ሕፃኑ ሚዛን ላይ ወጥቶ ከመውረድ በቀር የሚያገኘው ነገር አይኖርም።